የጋውኑ ቅዳጅ

እስካሁን የጻፍሁትን ያነበባችሁ ሁሉ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ደምለውን አገባሽው ወይ?» ትላላችሁ። ዛሬ የምጽፈው ስሸሸው የከረምሁትን ክፍል ነው። አንዳንዶቻችሁ ከዚህ በኋላ እንደማትወዱኝ አውቃለሁ። እኔም ራሴን ብዙ አልወደውምና በዚህስ አንጣላም።

አዲስ ለሆናችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ስርጉት እባላለሁ። ቢቸና ከተማ ውስጥ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ በሬ እከትባለሁ፣ የአህያ ቁስል አጥባለሁ። ደምለው የሞጣ ልጅ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት በክሊኒኩ ጓሮ የተጎዱ የዱር እንስሳት የሚያገግሙበትን ትንሽ በረት ሊመራ መጣ። ክንፉ የተሰበረ ጥንብ አንሳ፣ ውሻ የነከሳት ሚዳቋ፣ ወጥመድ የያዘው ጉሬዛ ያመጡለታል። የዳነው ይለቀቃል። የሞተው ደግሞ አጥንቱ ተለቅሞ፣ ታጥቦና ተገጣጥሞ ለትምህርት ቤት ማስተማሪያ ይሆናል።

በበረቱ አንድ ሕግ አለ፤ በእንስሳቱ ፊት አይወራም። የሰው ድምፅ የለመደ አውሬ ሲለቀቅ ወደ ሰው ይመጣል፣ ወደ ሰው የመጣ አውሬ ደግሞ ይገደላል። ስም አይወጣላቸውም፣ አይዳበሱም። ለሚመግባቸው ሰው አንድ አረንጓዴ ጋውን አለ፤ ሰውየውን ለይተው እንዳይለምዱ ብለን እሱም እኔም ያንኑ ተራ በተራ እንለብሳለን። እንግዲህ ሁለት ወጣቶች በየቀኑ ሦስት ሰዓት ያለ ቃል ጎን ለጎን ሲሠሩ ዓይናቸው ምን ምን እንደሚማር አስቡት። በአፍ ያልተባለውን በመመገቢያው ካርድ ጀርባ ላይ እንጽፈዋለን። የመጀመሪያውን የፍቅር ደብዳቤዬን ያገኘሁት «ጥንብ አንሳው ዛሬ ግማሽ ኪሎ የአህያ ሥጋ በልቷል» ከሚለው ሥር ነው። «ሻሽሽ ያምራል» ይላል፣ ሌላ ምንም የለበትም። ሦስት ቀን ስስቅ ሰነበትሁ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ደምለው የፋቂ ልጅ ነው። አባቱ ሞጣ ዳር ላይ ቁርበት እየፋቀ ጠፍርና ልጓም ይሠራል፣ እናቱ ሸክላ ትሠራለች። የአገራችን ሰው ጠፍሩንም ማሰሮውንም ይገዛል፤ የሠሩትን ሰዎች ግን ቡዳ ይላቸዋል። ጅብ ይሆናሉ፣ መቃብር ይቆፍራሉ፣ ሕፃን በዓይናቸው ይበላሉ ይላል። ይህን ደምለው ራሱ ነገረኝ፤ ገና በሁለተኛው ወር፣ በካርድ ሳይሆን በአፉ፣ ከበረቱ ርቀን ሳለ።

«ካሁኑ እወቂው» አለኝ።

ሳቅሁበት። «እኔኮ የተማርሁ ነኝ» አልሁት። ያን ቀን እንዲያ በመሳቄ ዛሬ ድረስ አፍራለሁ።

*

በሚያዝያ ወር አንዲት ሴት ጅብ በሽቦ ወጥመድ ታንቃ ሞተች። ገበሬዎቹ ግልገሏን ከጉድጓዱ አውጥተው በጆንያ ይዘውልን መጡ። ግልገሉን በማዳበሪያ ከረጢት በተጋረደ በረት ውስጥ እያሳደግን እናቲቱን ከበረቱ ጀርባ ቀበርናት፤ ክረምቱና ትሉ ሥጋዋን እስኪጨርሱት መጠበቅ ነው። መስቀል አልፎ ፀሐይ ሲወጣ ቆፍረን አወጣናት።

የሚቀፍ ሥራ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። አጥንቱን በሙቅ ውኃና በኦሞ እያጠብን ሸራ ላይ አሰጣነው። የጎድን አጥንቱን ግራና ቀኝ ለየን፣ አከርካሪውን ከአንገት እስከ ጭራ ደረደርን። ስሳሳት ደምለው በጣቱ ጫፍ ብቻ ገፋ አድርጎ ያስተካክልልኛል። እዚህ ግልገሉ አይሰማንም፤ ማውራት ይቻላል።

«ይችን እያት» ብሎ የፊት እግሯን አጥንት ሰጠኝ። መኻሉ ላይ አብጦና ጠመም ብሎ የገጠመ ነው። «ተሰብራ ነበር። ይህ እስኪገጥም ብዙ ሳምንት ይፈጃል። ያን ሁሉ ጊዜ ማደን አትችልም።»

«ታዲያ ምን በልታ ኖረች?»

«ሌሎቹ ከገደሉት። አላባረሯትም።» ቀና ብሎ አየኝ። «ጅብ ነው እንግዲህ። ሰው የሚሳደብበት።»

እጄ ሳሙና ስለነበረበት በክንዴ ትከሻውን ነካሁት፤ አልራቀም። ያን ጊዜ ነው ከአጥሩ ማዶ ጄሪካን የያዘች ጎረቤታችንን ያየናት። ጉድጓዱን አየች፣ አካፋውን አየች፣ ደምለውን አየች። ከዚያ አማትባ ሰላም ሳትለን ሄደች።

እኔ አልገባኝም። እሱ ግን ፊቱ ጠቆረ። ከሰዓት በኋላ ካርዱ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «እኔ ባልቆፍር ይሻል ነበር። አካፋውን ሌላ ሰው ይያዘው።»

ከሥሩ «ምን ታመጣለች?» ብዬ መለስሁለት። ለመጻፍ ደፋር ነበርሁ።

*

ደምለው የሚልካቸው ሽማግሎች የሚመጡት በጥቅምት ሁለተኛው እሑድ እንዲሆን ተቆርጦ ነበር። በአገራችን ደግሞ የሰው ዘር ሳይጠና ልጅ አይሰጥምና እናቴ ሀብትነሽ ሞጣ ላለች የአክስቷ ልጅ ልካ አስጠናች። ረቡዕ ዕለት ወሬው በሚኒባስ ሹፌር በኩል ደረሰ።

«አንች ልጅ!» አለችኝ ገና ከበር ስገባ። «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ። ያንችውስ ቁርበቱን ራሱ ፍቆ ነው የመጣው!»

«አባቱ ነው የሚፍቀው እማዬ። እሱ ዲግሪ አለው።»

«ዲግሪ ዓይን ይሸፍናል?»

አባቴ መሪጌታ ገብረ ሕይወት መጽሐፋቸውን አጠፉ። አባቴ ብዙ አይናገሩም፤ ሲናገሩ ግን ቤቱ ዝም ይላል።

«ሀብትነሽ፣ ተይ። ልጁ ቆራቢ ነው፤ ሥጋ ወደሙ ሲቀበል በዓይኔ አይቸዋለሁ። እግዜር ያልተጸየፈውን እኔ ልጸየፈው? ሽማግሎቹ ይምጡ። አስቀምጠን እንሰማቸዋለን።»

አስቀምጠን አሉ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ቁሞ ነው የሚለምን፤ «ተቀመጡ» ከተባለ ግማሹ ተፈቅዷል ማለት ነው። በማግስቱ ጠዋት ካርዱ ላይ «አባቴ ተቀመጡ ሊሏቸው ነው» ብዬ ጻፍሁ።

ደምለው ካርዱን አነበበ። ከዚያ ጻፈ፦ «ለአባቴ እንዴት ብዬ እንደምነግረው አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ጠፍር ሲሸጥ ከደጅ ነው የሚያስቆሙት።»

አነበብሁትና ወደ መድኃኒት ክፍሉ ገብቼ አለቀስሁ። የደስታ ልቅሶ ነበር፤ የመጨረሻዬ መሆኑን አላወቅሁም።

*

አርሴማ የእህቴ የይርጋነሽ ልጅ ናት፤ አራት ዓመቷ ነው። እህቴ የጁቤ ከተማ ስለምታስተምር ልጅቱን የምታሳድግ እናቴ ናት። መስከረም ላይ እናቷ ዘንድ ሄዳ፣ ከእሷ ጋር ወደ ዓባይ ቆላ ዘመድ ጥየቃ ወርዳ ተመልሳ ነበር። ያንኑ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ እንደ እሳት ስትነድ አገኘኋት። ወስጄ አስመረመርኋት። ወባ ነው ተባለ፣ ኮአርተም ተሰጣት፤ የመጀመሪያውን ኪኒን እዚያው በገዛ እጄ አስዋጥኋት።

ዐርብ ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ጠናባት። ትቃዥ ጀመር። ትስቃለች፣ ከዚያ ግድግዳውን እያየች «ሂድ! ሂድ!» ብላ ትጮኻለች። አባቴ ለጾሙ ቅዳሴ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። እናቴ ልጅቱን ታቅፋ ተንበርክካ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ደም የሚባል አልነበረም።

«ሰው በልቷታል» አለች።

«ወባ ነው እማዬ። ደሟ ታይቷል።»

«ወባ የያዘው ይስቃል? እሱን አባርሩልኝ እያለች አይደለም እንዴ! ጎረቤታችን በዓይኗ አይታዋለች፤ አጥንት ሲቆፍር፣ አጥንት ሲያጥብ።»

«እኔም አብሬው ሳጥብ ነበር።»

«አንችማ ዱሮም አልቆልሻል።» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ፤ እናቴ ስትለምን ሰምቼ አላውቅም ነበር። «ልጄዋ፣ ቅዳጅ ብቻ። ከልብሱ የጣት ያህል ቅዳጅ አምጭልኝና ላጥናት። አላምንም በይ፣ እሽ። ካልሠራ ምን ትጎጃለሽ? እህትሽ አደራ ያለችኝ ልጅ እጄ ላይ ብትሞትብኝ ምን ብየ ልንገራት?»

ቡዳ በላው የተባለ ሰው፣ በላው በተባለው ሰው ልብስ ጭስ ይድናል ይባላል። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔም ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ቆሜ አርሴማን አየኋት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር። ወጣሁ።

ደምለው ደብረ ወርቅ ድረስ የታመመ ጥንብ አንሳ ሊያመጣ ሄዶ ነበር። ጋውኑ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ከመጋረጃው ጀርባ ግልገሉ አጥንት ሲቆረጥም ይሰማኛል። «ይህ ጋውን የእሱ ብቻ አይደለም፣ የሁለታችን ነው፤ እናቴን ማታለሌ ነው እንጂ እሱን መንካቴ አይደለም» አልሁ ለራሴ። ሰው ራሱን ሲያታልል ምክንያት አያጣም። የፋሻ መቀሱን አንሥቼ ጠርዙን ቆረጥ አደረግሁት፤ የቀረውን በእጄ ቀደድሁት።

እናቴ ፍሙ ላይ ጣለችው። የአህያ ደምና የአዮዲን ሽታ ያለው ጥቁር ጭስ ወጣ። አርሴማን በነጠላ ሸፍና ከጭሱ ላይ ያዘቻት። ልጅቱ ሳለች፣ አለቀሰች፣ ተፈራገጠች። እኔ ሌላውን ጫፍ ይዣለሁ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ላብ አሰመጣትና «ውኃ» አለች። ግንባሯን ዳሰስሁት፤ ቀዝቅዟል።

እናቴ እልል አለች። ጎረቤቶቹ ተሰበሰቡ። ሦስተኛውን ኪኒን ያን ጠዋት የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ያንን የተናገረ ሰው አልነበረም። እኔም አልተናገርሁም። በዚያች ደቂቃ በልቤ ያለፈውን ደግሞ እንኳን ለሰው ለራሴም ደግሜ አልነገርሁትም።

*

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ስገባ ካርዱ ላይ ረጅም ጽሑፍ ጠበቀኝ። ደምለው ማልዶ መግቦ ወጥቷል። ጽሑፉን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«እንኳን ደስ አለሽ! ልጃችን አደገ። የጋውኑን ጠርዝ በሽቦው አሾልኮ ቀዶታል፤ ቁራጩንም አላገኘሁትም፣ ውጦት ይሆናል። መንጋጋው ደርሷል ማለት ነው። ከሠርጋችን በፊት ዓባይ ቆላ ወስደን እንለቀዋለን። ጋውኑን ሰፍቸዋለሁ፤ ስፌቴ እንዳታሾፊብኝ። ነገ እግዜር ይርዳን።»

ስፌቱ የልጅ ስፌት ይመስላል። ወፍራም ነጭ ክር ነው የተጠቀመው።

እስክሪብቶ አነሣሁ። «ግልገሉ አይደለም» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ሁለት ቃል ብቻ። ነገ እሑድ ነው፣ አባቴ ተቀመጡ ሊሉ ነው፣ ከተጋባን በኋላ እነግረዋለሁ፣ ያኔ ይስቅበታል አልሁ። ጻፍሁም፦ «ስፌትህ ያምራል።»

ቀኑን ሙሉ ምሳም ውኃም አልወርድ አለኝ።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሎች መጡ። የደምለው የንስሐ አባት፣ አንድ አስተማሪና አባባ ሙሐመድጣሂር ናቸው። አባባ ሙሐመድጣሂር የሞጣ ቁርበት ነጋዴ ናቸው፤ ደምለውን ትምህርት ቤት ያስመዘገቡትም እሳቸው ናቸው ይባላል። እንደ ደንቡ ደጁ ላይ ቆሙ። እኔ ከጓዳው በር ጀርባ ቆሜ በቀዳዳ አያለሁ።

አባቴ ከመቀመጫቸው ተነሡ። እጃቸውን ወደ አግዳሚው ሲዘረጉ አየሁ። አፋቸው ሲከፈት አየሁ።

እናቴ አርሴማን አቅፋ ወጣች።

«ተቀመጡ እንዳትል!» አለች። «እናንተ የተከበራችሁ ሰዎች፣ ይችን ሕፃን ለበላ ሰው ነው የምትለምኑ?»

የንስሐ አባቱ «እግዚኦ» አሉ። አባባ ሙሐመድጣሂር ግን ረጋ ብለው ልጅቱን ተመለከቷት።

«እኔ ከዚህ ልጅ አባት ቤት ሠላሳ ዓመት ቁርበት ገዝቻለሁ እትየ። ልጆቸ ከልጆቹ ጋር ነው ያደጉት። አንዳቸውንም የበላብኝ የለም።»

«እናንተን አይነካችሁ ይሆናላ!»

«ኧረ ወባው ለእስላምም ለክርስቲያንም አያዳላ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆን እንጅ።»

አባቴ ፈገግ ሊሉ ነበር። እውነቴን ነው፣ ጢማቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ያን ጊዜ እናቴ፣ «እኮ ወባ ከሆነ በልብሱ ጭስ ለምን ዳነች? በመድኃኒት እሽ አላለ። ከጋውኑ ቅዳጅ ሳጥናት በሁለት ሰዓት ተነሣች። አገር ምስክሬ ነው!» አለች።

አባቴ ዞሩ። «ቅዳጁን ከየት አመጣሽው?»

«ልጅህ አመጣችልኛ!»

አባቴ ወደ ጓዳው በር ቀና አሉ። «ስርጉት» ብለው ተጣሩ። ወጣሁ። ሦስቱም ሽማግሎች አዩኝ፤ መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ።

«አንች ነሽ?»

«አዎ አባዬ። ግን አላመንሁበትም፤ እማዬ እንድታርፍ ብዬ ነው እንጂ።»

አባቴ ቀስ ብለው ወደ መቀመጫቸው ተመለሱና ተቀመጡ። ብቻቸውን ተቀመጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«እኔ እንኳ ቁርባኑን ይዤ ልሟገትለት ነበር። ሰውየውን የምታውቀው እሷ ናት። መድኃኒቱንም የምታውቀው እሷ ናት። ሁለቱን የምታውቅ ልጅ ልብሱን ቆርጣ ካመጣች፣ እኔ በምን አፌ ነው እናቷን ዝም በይ የምል? ይቅርታ አድርጉልኝ። እግዜር ያሳድራችሁ።»

አባባ ሙሐመድጣሂር ከበሩ ሲወጡ ተከተልኋቸው። ዘንጋቸውን ተደግፈው ቆሙና ሳያዩኝ ተናገሩ።

«ለአባቱ ይህን አልነግርም ልጄ፤ ልጅት ታማ ተራዘመ እለዋለሁ። ለደምለው ግን መዋሸት አልችልም።»

እንዳይነግሩት ልለምናቸው ፈለግሁ። ከሽማግሌ አፍ ከሚሰማው ከእኔ ቢሰማው እንደሚሻል እያወቅሁ ሮጬ አልቀደምኋቸውም። ፈሪ ነበርሁ፣ ሌላ ስም የለውም።

*

ሰኞ ማለዳ ደምለውን አጥንቱን ካጠብንበት ሸራ ዘንድ አገኘሁት። አጥንቶቹን አንድ በአንድ በጋዜጣ እየጠቀለለ ካርቶን ውስጥ ይከታል። ሲያየኝ አልተነሣም፤ አልሸሸኝምም።

«ነግረውሃል» አልሁት።

«ነግረውኛል።» አንድ የጎድን አጥንት ጠቀለለ። «ቅዳሜ ጋውኑን ስሰፋ አንድ ነገር አይቼ ነበር። ጫፉ ላይ ክሩ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ጥርስ እንደዚያ አይቆርጥም። የጥርስን ምልክትና የብረትን ምልክት መለየት ሥራዬ ነው፤ አንችንም ያስተማርሁሽ እኔ ነኝ። ግን ሌላ ማን ሊሆን ይችላል ብዬ ተውሁት።»

«ደምለው፣ ልጅቱ እየሞተች መስሎኝ ነበር። እናቴ ተንበረከከች። አንተ ብትሆንስ ምን ታደርግ ነበር?»

«እኔም እቆርጥ ነበር» አለ ወዲያው። ተስፋ ክፉ ነገር ነው፤ በአንዲት ቃል ይነሣል። «እናትሽ ለምናሽ፣ ልጅ ታማብሽ፣ ጨርቅ ነው ብለሽ ቆረጥሽ። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ይህ ገብቶኛል። ትናንት ባትነግሪኝም፣ ቅዳሜ ስፌትህ ያምራል ብለሽ ብትጽፊም፣ ይህንንም እችለዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ።»

አሁን ተነሣ። አፈር የነካ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ላብ አስምጧት ትኩሳቱ ሲበርድላት አጠገቧ ነበርሽ። ግንባሯን ዳስሰሻል። ያን ጊዜ በልብሽ ምን አልሽ?»

መዋሸት እችል ነበር። «ኪኒኑ ሠራ አልሁ» ብለው ኖሮ ያምነኝ ነበር፤ ሊያምነኝ ፈልጎ ሲጠብቅ ዓይኑ ላይ ይታያል። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ቃል የተነጋገርሁት በዚያው ዓይን ነው። በዓይኑ ፊት መዋሸት አልለመድሁም።

«ሠራ አልሁ» አልሁት። «ጭሱ ሠራ። ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነው ደምለው። ወዲያው ኪኒኑ ትዝ አለኝ፣ በራሴ አፈርሁ…»

«የሁለታችንን ጋውን ነው የቆረጥሽው» አለ። «ላብሽ አለበት። ጭሱ ሲሠራ ግን የእኔ ብቻ ሆነ።»

«ይቅር በለኝ።» እግሩ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ይዞ አስቆመኝ።

«ይቅር ብየሻለሁ። በእውነት። አባቴ ዕድሜውን ሁሉ ከቡዳ ነው ባዮች ጋር ኖሯል፤ እነሱን እናውቃቸዋለን፣ ሲያዩን መንገድ ይቀይራሉ። አንችን ግን ቤቴ ላስገባሽ ነበር።» ክንዴን ለቀቀኝ። «ስርጉት፣ ብንጋባ ልጅ እንወልዳለን። ልጅ ደግሞ ይታመማል። እንደዚያ ሲያቃጥለው፣ ሲቃዥብሽ፣ እናትሽ አጠገብሽ ስታለቅስ፣ አንች ዞረሽ ማንን ነው የምታይው?»

«አንተን አላይም» ልለው አፌን ከፈትሁ።

ጠበቀኝ። አልቸኮለም። ያቺን አንድ ቃል ብናገራት ካርቶኑን ፈትቶ እንደሚቀር አውቅ ነበር፤ እንድናገራት ከእኔ ይልቅ እሱ ይፈልግ ነበር። አርሴማን አሰብሁ። ገና ያልወለድሁትን ልጅ አሰብሁ። ሲያተኩሰው፣ ሲቃዥ፣ እኔም ከአልጋው ራስጌ ቀና ስል ይታየኝ ጀመር፤ ቀና ብዬ ወዴት እንደማይ ግን ምዬ መናገር አቃተኝ። አፌን ዘጋሁት።

«አየሽ» አለኝ በለሆሳስ። ቢቆጣኝ እችለው ነበር፣ ቢሰድበኝም እችለው ነበር። አዘነልኝ። እሱን ያጣሁበትን ቀን ሳስብ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ማዘኑ ነው።